የአካባቢ ፋውንዴሽን ግራንት ለማኅበራችን፦ ከየት ይጀመራል? የሚወድቀውስ በምን ምክንያት ነው?

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ስለሚሠራ አነስተኛ የማኅበረሰብ ድርጅት ነው። 501ሲ3 የሚባለው ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ፈቃድ አለን። የዓመት ገቢያችን 46,000 ዶላር ገደማ ሲሆን ከአባላት መዋጮና በዓመት አንዴ ከምናዘጋጀው እራት ይገኛል። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የለም፤ ሁሉም በበጎ ፈቃድ ይሠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ 40 ልጆች በንባብና በሒሳብ ይታገዛሉ፤ አረጋውያን የሕክምናና የመኖሪያ ቤት ቅጽ ሲሞሉ እንረዳለን። በማኅበሩ ሥር እድርም አለ።

ቦርዱ ለቅዳሜው ትምህርት ከአካባቢ ፋውንዴሽን ድጋፍ እንጠይቅ ብሎ ወስኗል። ማወቅ የምፈልገው፦ ፋውንዴሽኖቹ ገንዘቡን የሚያከፋፍሉት እንዴት ነው? ስንት ብንጠይቅ ተገቢ ነው? ምን ምን ወረቀት ይፈለጋል? የብዙ ማኅበሮቻችን ማመልከቻ በምን ምክንያት ይመለሳል? አስተባባሪ ቀጥረን መክፈል እንፈልጋለን፤ የእሱ ደመወዝ በግራንት ይሸፈናል ወይ? ዝርዝር የምታውቁ እባካችሁ አትሰስቱ።

---

ከገምጋሚዎች ወንበር

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የትኛው ዓይነት ፋውንዴሽን ጋ እንደምትሄዱ ለዩ። ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ አሠራራቸው አንድ አይደለም።

የአንድ ቤተሰብ ወይም የአንድ ኩባንያ ገንዘብ ብቻ የያዘው በሕግ ፕራይቬት ፋውንዴሽን ይባላል። በየዓመቱ ከንብረቱ 5 በመቶ ያህል ማውጣት ግዴታው ነው። 990 ፒኤፍ የሚባለውን የግብር ቅጽ ያስገባል፤ ቅጹም ለሕዝብ ክፍት ነው። ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች ውረዱና በዓመቱ ለማን፣ ለምን፣ ስንት እንደሰጠ አንብቡ። ድረ ገጹ «ትምህርትን እንደግፋለን» ሊል ይችላል፤ ዝርዝሩ ላይ ያሉት ግን ሁሉም ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ከሆኑ እዚያ ጊዜያችሁን አትጨርሱ። ትንሹ ስጦታ 50,000 ዶላር ከሆነም የእናንተ መጠን ላለው ድርጅት በሩ ጠባብ ነው። ከ5,000 እስከ 20,000 ዶላር ለአካባቢ ድርጅቶች የሚሰጥ ስታገኙ እዚያ ቆዩ።

ኮሚዩኒቲ ፋውንዴሽን የሚባለው ሌላ ነው። የመጀመሪያው በ1914 በክሊቭላንድ ኦሃዮ የተቋቋመው ሲሆን መሥራቹ ፍሬደሪክ ጎፍ የተባለ የባንክ ሰው ነበር። ሐሳቡ ብዙ ሰዎች በኑዛዜና በስጦታ የሚተዉት ገንዘብ በአንድ ቋት ተቀምጦ፣ ከከተማው ነዋሪዎች የተውጣጣ ኮሚቴ በየዘመኑ እንደሚታየው ችግር እንዲያከፋፍለው ነው። ዛሬም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እናንተ አካባቢ ግሬተር ዋሽንግተን ኮሚዩኒቲ ፋውንዴሽን ከ1973 ጀምሮ አለ፤ በፖቶማክ ወንዝ ማዶ ላሉት ደግሞ የሰሜን ቨርጂኒያው አለ።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር፣ ኮሚዩኒቲ ፋውንዴሽን ውስጥ ያለው ገንዘብ ሁሉ በማመልከቻ አይገኝም። ትልቁ ክፍል ብዙ ጊዜ «ዶነር አድቫይዝድ ፈንድ» የሚሉት ነው፤ አንድ ለጋሽ ገንዘቡን እዚያ ያስቀምጥና «ለእገሌ ድርጅት ይሰጥልኝ» እያለ ይመክራል። ለዚህ ማመልከቻ የለም። የሚያስፈልገው ለጋሹ እናንተን ማወቁ፣ ፋውንዴሽኑም ስማችሁን በአይአርኤስ (በፌዴራል የግብር መሥሪያ ቤቱ) መዝገብ ላይ ሲፈልግ ማግኘቱ ነው። በማመልከቻ የሚገኘው በይፋ ጥሪ የሚወጣው ነው፤ ጥሪው ርዕስ፣ የቦታ ወሰንና የመጨረሻ ቀን አለው። ስለዚህ «ፋውንዴሽኑ ብዙ ሚሊዮን አለው፣ ለእኛ 15,000 ምን አላት» ብሎ ማሰብ ያሳስታል። በዚያ ጥሪ የተመደበው ስንት ነው፣ ለስንት ድርጅት ይከፋፈላል ብላችሁ ጠይቁ።

ሂደቱ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይሄዳል። ጥሪ ይወጣል። የመረጃ ስብሰባ በዙም ይደረጋል፤ እዚያ መገኘት ብቻውን ነጥብ ባያስገኝም የጥሪው ጽሑፍ ያላብራራው ነገር የሚነገረው እዚያ ነው። ቀጥሎ ኤልኦአይ የሚሉት አንድ ወይም ሁለት ገጽ የፍላጎት መግለጫ ደብዳቤ ይላካል። ካለፈ ሙሉ ማመልከቻ ይጠየቃል፤ ይህ በፖርታል ላይ የሚሞላ ሆኖ እያንዳንዱ መልስ በፊደል ቁጥር የተገደበ ነው። ቀጥሎ የሰነድ ማጣራት፣ አንዳንዴም ጉብኝት፣ የኮሚቴ ውይይት፣ የፋውንዴሽኑ ቦርድ ድምፅ፣ የስምምነት ፊርማ፣ ክፍያ። ከማመልከቻው መዝጊያ ቀን እስከ ገንዘቡ መግባት ከሦስት እስከ ስድስት ወር ቁጠሩ። ትምህርቱ መስከረም ላይ የሚጀመር ከሆነ ሰኔ ላይ የሚዘጋ ጥሪ አይደርስላችሁም። ከስምምነቱ መጀመሪያ ቀን በፊት የወጣ ወጪም አይተካም።

ከኤልኦአይ በፊት ለፕሮግራም ኦፊሰሩ፣ ማለትም ጥሪውን ለሚይዘው የፋውንዴሽኑ ሠራተኛ፣ ደውሉ ወይም በኢሜይል የ15 ደቂቃ ቀጠሮ ጠይቁ። የእኛ ሰው ይህን እንደ ልመና ስለሚያየው ያፍራል። እነሱ ግን የማይመጥን ማመልከቻ ከሚያነቡ ቀድመው ቢናገሩ ይመርጣሉ፤ ሥራቸውም ነው። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ይህ ፕሮግራም ከጥሪው ጋር ይሄዳል ወይ? ዓመታዊ በጀቱ 46,000 ለሆነ ድርጅት ስንት መጠየቅ ልክ ነው? ለመጀመሪያ ጊዜ አመልካች ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ምንድን ነው? መልሱን ጻፉ፤ ማመልከቻው ላይ እነሱ በተጠቀሙበት ቃል ተጠቀሙ።

መጠኑን በተመለከተ፣ ከዓመት በጀታችሁ ሩብ አካባቢ ለመጀመሪያ ጥያቄ ጤናማ ነው። 46,000 ላለው ድርጅት 12,000 ዶላር 26 በመቶ ይሆናል። 40,000 ከጠየቃችሁ ኮሚቴው የሚጠይቀው «ይህ ገንዘብ ሲያልቅ ምን ይሆናሉ?» የሚለውን ነው፤ መልስ የለውም።

አጻጻፉ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ የማኅበሮቻችን ማመልከቻ በብዛት የሚደክመው እዚህ ነው። የመጀመሪያው መልስ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምራል፦ «ማኅበራችን የማኅበረሰባችንን አንድነትና ባህል ለማጠናከር በቅን ልቦና በተነሳሱ ወገኖች ተመሠረተ።» ገምጋሚው በአንድ ሳምንት 30 ማመልከቻ የሚያነብ ሰው ነው፤ ከዚህ አረፍተ ነገር የሚይዘው ነገር የለም። በምትኩ፦ «በሲልቨር ስፕሪንግ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ 40 ልጆች፣ አብዛኞቹ ቤታቸው አማርኛ የሚነገር፣ በ36 ቅዳሜዎች ሁለት ሁለት ሰዓት በንባብና በሒሳብ ይታገዛሉ፤ ለአስተባባሪ፣ ለመማሪያ ዕቃና ለአዳራሽ 12,000 ዶላር እንጠይቃለን።» ማን፣ የት፣ ስንት፣ በምን ያህል ጊዜ፣ ለምን። የምሥረታ ታሪኩ ሁለት መስመር ይበቃዋል፤ እሱም በኋላ።

«አብዛኞቹ» ማለቴን ልብ በሉ። «ለኢትዮጵያውያን ልጆች ብቻ» ብሎ መጻፍ ብዙ ፋውንዴሽን ካለው አድልዎ የመከላከል መመሪያ ጋር ይጋጫል። ምዝገባው ለማንም ክፍት እንደሆነ፣ የእናንተ ልዩ ብቃት ግን በአማርኛ ከወላጅ ጋር መነጋገር መቻላችሁ እንደሆነ ጻፉ። ይሄ ትምህርት ቤቱ በቀላሉ የማይሞላው ክፍተት ነው።

ሃይማኖታዊ ትምህርት ከቅዳሜው ፕሮግራም ጋር ተቀላቅሎ ከሆነም ለዩት። አዳራሹ የቤተ ክርስቲያን ቢሆን ችግር የለውም፤ በግራንቱ ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው ግን ንባብና ሒሳብ ብቻ ይሁን።

የፍላጎት ማስረጃ ስትፈልጉ ከሕዝብ ቆጠራ ቢሮው ቁጥር ስታወጡ ተጠንቀቁ። በተለመደው የቋንቋ ሠንጠረዥ ላይ አማርኛ ለብቻው አልተቀመጠም፤ ከሶማሊኛና ከሌሎች የአፍሮ እስያ ቋንቋዎች ጋር ተደምሯል። ያንን ቁጥር «የአማርኛ ተናጋሪ ብዛት» ብሎ መጻፍ ጉዳዩን የሚያውቅ ገምጋሚ ፊት ያሳፍራል። የራሳችሁ የመመዝገቢያ ቅጽ ይሻላል፦ የልጁ ክፍል፣ ትምህርት ቤት፣ እቤት የሚነገረው ቋንቋ፣ ነፃ ወይም ቅናሽ ምሳ ያገኛል ወይ። አራት ጥያቄ፣ 40 ልጅ፤ ከማንም ሠንጠረዥ የበለጠ ማስረጃ ነው።

ውጤት ሲባል ደግሞ «40 ልጆች ተሳተፉ» የሥራ ብዛት እንጂ ውጤት አይደለም። ውጤት የሚሆነው ልጁ ላይ የታየ ለውጥ ነው። ቀላሉ መለኪያ ይሄ ነው፦ ልጁ ለክፍሉ የሚመጥን ጽሑፍ ለአንድ ደቂቃ ጮክ ብሎ ያነባል፤ በትክክል ያነበባቸው ቃላት ይቆጠራሉ። በጥቅምት፣ በጥርና በግንቦት ይደገማል። ወረቀትና ሰዓት ብቻ ነው የሚፈልገው። ግባችሁን «ከ40ዎቹ 32ቱ ቢያንስ 70 በመቶ ቅዳሜ ይገኛሉ፤ ከእነሱም 24ቱ የንባብ ፍጥነታቸው ይጨምራል» ብላችሁ አስቀምጡ። መቶ በመቶ ብላችሁ አትጻፉ፤ ማንም አያምናችሁም፤ ሪፖርት ላይም ያስጨንቃችኋል።

---

ሂሳብ ሠሪው

ከላይ ያለው ጥሩ ነው። እኔ ወረቀቱንና በጀቱን ልያዝ፤ ማመልከቻ ሳይነበብ የሚወድቀው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ስማችሁን አረጋግጡ። የማኅበሮቻችን ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ቦታ «ማኅበር» የሚለው በ«ኤች» ነው፣ ሌላው ቦታ ያለ «ኤች»፤ አንዱ ጋ «ኢንክ» አለ፣ ሌላው ጋ የለም። በሜሪላንድ የተመዘገበው ስም፣ በአይአርኤስ የማጽደቂያ ደብዳቤ ላይ ያለው ስምና የባንክ ሂሳቡ ስም ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለባቸው። ፋውንዴሽኑ ኢአይኤን የሚባለውን የድርጅት የግብር መለያ ቁጥራችሁን በአይአርኤስ ማፈላለጊያ ላይ ያስገባል፤ የወጣው ስም ማመልከቻው ላይ ካለው ከተለየ ክፍያው ይቆማል። ማስተካከያው ሳምንታት ስለሚፈጅ አሁኑኑ እዩት።

ሁለተኛ፣ 990፣ ማለትም ድርጅቱ በየዓመቱ ለአይአርኤስ የሚያስገባው ቅጽ። ገቢያችሁ በአማካይ ከ50,000 ዶላር ካልበለጠ 990 ኤን የተባለው አጭር የኤሌክትሮኒክ ቅጽ ይበቃል። የበጀት ዓመታችሁ በታኅሣሥ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 31፣ የሚያልቅ ከሆነ እስከ ሜይ 15 ነው የሚገባው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ካልገባ 501ሲ3 በራሱ ይሰረዛል፤ ማንም ውሳኔ አይሰጥበትም። ገንዘብ ያዥ ሲቀየር የሚረሳው ይሄ ነውና ማን እንደሚያስገባ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ።

12,000 ዶላር ሲጨመር ከ50,000 ትሻገራላችሁ ብላችሁ አትደንግጡ። የሚታየው የሦስት ዓመት አማካይ ነው። ያለፉት ዓመታት 41,000 እና 46,000 ከነበሩ፣ ዘንድሮ 58,000 ቢሆን አማካዩ 48,333 ነው፤ አሁንም 990 ኤን ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ረዘም ያለው 990 ኢዚ ይመጣል፤ እሱ ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ ወጪውን ከአሁኑ አስቡ። ደግሞም 990 ኤን ላይ የገቢና የወጪ ዝርዝር የለም፤ ስለዚህ ፋውንዴሽኑ የውስጥ መግለጫ ይጠይቃችኋል፦ ያለፈው ዓመት ገቢና ወጪ፣ የሀብትና ዕዳ መግለጫ፣ የዘንድሮ በጀት። ሦስቱም በቦርድ የጸደቁ ይሁኑ።

ሦስተኛ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ዓመታዊ ሪፖርት እስከ ኤፕሪል 15 ይገባል። ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት ክፍያ የለውም፤ ካልገባ ግን «ጉድ ስታንዲንግ» የሚሉት፣ በግዛቱ ዘንድ ግዴታውን ያሟላ ድርጅት መሆን፣ ይጠፋል፤ ፋውንዴሽኑም ያያል። ገንዘብ ከሕዝብ ለመሰብሰብ የሚደረገው ምዝገባ ደግሞ በሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት በኩል ነው። ቨርጂኒያ ያላችሁ ይህንኑ የምትፈልጉት በግብርናና ሸማቾች አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሥር ነው፤ ስሙን አይቶ ብዙ ሰው አይገምተውም።

አሁን በጀቱ። «ልዩ ልዩ 3,000» የሚል መስመር ካለ ገምጋሚው እስክሪብቶውን የሚያነሳው እዚያ ላይ ነው። እያንዳንዱ መስመር ስሌቱን ይዞ ይቅረብ። ለእናንተ ፕሮግራም እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

አስተባባሪ፣ በሳምንት 10 ሰዓት × 36 ሳምንት × 25 ዶላር = 9,000
የአሠሪ ድርሻ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር፣ 7.65 በመቶ = 689
አዳራሽ፣ 36 ቅዳሜ × 60 ዶላር = 2,160
መጽሐፍና ደብተር፣ 40 ልጅ × 35 ዶላር = 1,400
ቁርስ፣ 36 ቅዳሜ × 40 ዶላር = 1,440
የ12 በጎ ፈቃደኞች የጀርባ ታሪክ ማጣሪያ × 40 ዶላር = 480
የኃላፊነትና የሠራተኛ ጉዳት መድን ድርሻ = 600
አስተዳደር 10 በመቶ = 1,577
ድምር 17,346

ከፋውንዴሽኑ 12,000፣ ከአባላት መዋጮ 3,346፣ ከእራቱ 2,000። ድምሩ ከወጪው ጋር እኩል ነው፤ ደግሞ ደጋግማችሁ ደምሩት፤ በ10 ዶላር የተዛነፈ በጀት እንኳ አመኔታ ያሳጣል። ዋጋዎቹን በእናንተው ዋጋ ተኩ፤ የአዳራሹን ከባለቤቱ በጽሑፍ ውሰዱ። የማመልከቻው ትረካ «ሁለት ሰዓት» ብሎ በጀቱ ደግሞ በሦስት ሰዓት ኪራይ ከተሰላ ተያዘ ማለት ነው። ጽሑፉን አንድ ሰው፣ በጀቱን ሌላ ሰው ሲሠራው ሁልጊዜ የሚሆነው ይሄ ነው፤ ከመላኩ በፊት ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያንብቡት።

አስተዳደር የሚለውን መስመር አታውጡ። ብዙ ማኅበር «ሁሉም ገንዘብ ለልጆቹ ይሁን» በሚል ቅንነት ዜሮ ይጽፋል። ከዚያ ለሂሳብ ሶፍትዌሩ፣ ለባንኩና ለስልኩ ማን ይክፈል? በፌዴራል ግራንት የራሱ የጸደቀ የአስተዳደር መጠን የሌለው ድርጅት ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ እስከ 15 በመቶ መጠየቅ ይችላል፤ ቀድሞ 10 ነበር። የግል ፋውንዴሽኖች በዚያ ደንብ አይገደዱም፤ ሆኖም ጥሪው ላይ ወሰኑን ይጽፋሉ፤ እስከዚያ ጠይቁ።

አስተባባሪውን በተመለከተ፣ ደመወዙ ይሸፈናል፤ እንዲያውም ከዕቃ ይልቅ ሰውን መክፈል ለፋውንዴሽኑ አሳማኝ ነው። ግን 1099 የሚባለውን የኮንትራክተር ክፍያ ቅጽ ሰጥቶ «ኮንትራክተር» ማለት አይቻልም። ሰዓቱን፣ ቦታውንና አሠራሩን ማኅበሩ ከወሰነ ሰውየው ሠራተኛ ነው፤ ደብልዩ 2 የሚባለውን የደመወዝ ቅጽ ያገኛል፤ የአሠሪ ድርሻም ይከፈላል። የቦርድ አባል ወይም የሊቀ መንበሩ ዘመድ ከተቀጠረ ደግሞ የጥቅም ግጭት መመሪያችሁን ያሳዩን ይባላል። ጉዳዩ ያለበት ሰው ድምፅ ሳይሰጥ መውጣቱ በቃለ ጉባኤ ካልተጻፈ እንዳልሆነ ይቆጠራል።

---

ገና ፈቃድ የሌለን

እኛ ደግሞ 501ሲ3 የለንም፤ አሌክሳንድሪያ ነን፤ ዓመታዊ ገቢያችን 9,000 ዶላር አይሞላም። ለግራንት ጨርሶ መሄድ አንችልም ማለት ነው?

---

ሂሳብ ሠሪው

ትችላላችሁ፤ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፈቃዱን ማውጣት ነው። ገቢያችሁ ባለፉት ሦስት ዓመታትም በሚመጡት ሦስትም በየዓመቱ ከ50,000 የማይበልጥ፣ ንብረታችሁም ከ250,000 የማያልፍ ከሆነ በአጭሩ የ501ሲ3 ማመልከቻ ቅጽ፣ በ1023 ኢዚ፣ ታመለክታላችሁ፤ ክፍያው 275 ዶላር ነው። ሙሉው 1023 600 ዶላር ነው። ኢአይኤን ማውጣት ግን በነፃ ነው፤ ለእሱ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ድረ ገጽ ዝለሉት። ቤተ ክርስቲያናት ለዚህ ቅጽ አይገደዱም፤ «ማኅበር» ግን ቤተ ክርስቲያን አይደለምና ያንን ሰበብ አትያዙ።

ሁለተኛው ፊስካል ስፖንሰር ነው። 501ሲ3 ያለው ሌላ ድርጅት ግራንቱን ይቀበልና ለእናንተ ሥራ ያውለዋል፤ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይወስዳል። ገንዘቡ በሕግ የእሱ መሆኑን እወቁ፤ ተጠያቂውም እሱ ነው። ስለዚህ ክፍያ በስንት ቀን እንደሚለቅ፣ ሠራተኛው በማን ስም እንደሚቀጠር፣ ግንኙነቱ ቢቋረጥ የቀረው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ ሳይጻፍ አትፈርሙ። «እንተዋወቃለን» የሚባልበት ቦታ አይደለም።

---

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። መዋጮው የሚገባው በዜል፣ በባንኮቹ የስልክ ገንዘብ መላኪያ፣ ወደ ገንዘብ ያዡ የግል ሂሳብ ነው፤ ከዚያ በወሩ መጨረሻ ወደ ማኅበሩ ይተላለፋል። የእድሩም ገንዘብ የሚቀመጠው በማኅበሩ ሂሳብ ውስጥ ነው። እነዚህ ችግር ይሆናሉ? ግራንቱ ከተገኘስ በኋላ የሚያስጠይቅ ነገር ምን አለ?

---

ከገምጋሚዎች ወንበር

ሁለቱም ችግር ናቸው፤ ከማመልከቻው በፊት መስተካከል አለባቸው። የገንዘብ ያዡ ታማኝነት አይደለም ጥያቄው። ፋውንዴሽኑ የባንክ መግለጫ ሲያይ በወር መጨረሻ አንድ ትልቅ ዝውውር ብቻ ካገኘ ከማን ስንት እንደመጣ ማረጋገጥ አይችልም። በማኅበሩ ኢአይኤን የተከፈተ የድርጅት ሂሳብ ላይ ዜል እንዲከፈት ባንኩን ጠይቁ፤ ባንኩ ካልሰጠ ቼክ ወይም የኦንላይን መክፈያ ተጠቀሙ። ለ250 ዶላርና ከዚያ በላይ ስጦታ በማኅበሩ ስም የተጻፈ ደረሰኝ ስጡ፤ ለለጋሹም ለግብሩ ያስፈልገዋል። ቼክ የሚፈርመውና የባንክ መግለጫውን በየወሩ የሚያመሳክረው ሰው አንድ አይሁን።

ከተገኘ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነው፣ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይጀመራል። ስምምነቱን ሁለት ሰው ያንብበው። ገንዘቡ ለተባለው ሥራ ብቻ ነው፤ ሂሳብ መዝገቡ ላይ የራሱ ክፍል ይከፈትለት፣ እያንዳንዱ ወጪ በዚያ ኮድ ይመዝገብ። ከአዳራሹ 600 ዶላር ቢተርፍና ለመጽሐፍ ልታውሉት ብትፈልጉ መጀመሪያ በኢሜይል ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቅዳሉ። ሳይጠየቅ የተደረገ ለውጥ ግን ሪፖርት ላይ ሲታይ ትክክል ሆኖ ሳለ ጥፋት ይመስላል። አስተባባሪው በመሀል ቢለቅ፣ ልጆቹ 40 ሳይሆኑ 28 ቢሆኑ፣ ሪፖርቱን ሳትጠብቁ ንገሯቸው። የመገኘት ዝርዝር በየቅዳሜው በወረቀት ይያዝ፤ በግንቦት ከትዝታ የተሞላ ዝርዝር ያስታውቃል፣ ሁሉም መስመር በአንድ እስክሪብቶ ነው።

ካልተሰጣችሁም አስተያየት ጠይቁ። «ነጥባችን የት ዝቅ አለ?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ለቀጣዩ ዙርም ስማችሁ ይታወቃል።

---

ሂሳብ ሠሪው

የእድሩን ልጨምር። እድር ለአባላቱ ጥቅም የሚዋጣ ገንዘብ ነው፤ 501ሲ3 ደግሞ ለሕዝብ ጥቅም። ሁለቱ በአንድ ሂሳብ ሲቀመጡ፣ አንድ አባል ሲያርፍ ለቤተሰቡ የሚከፈለው 10,000 ወይም 15,000 ዶላር ከበጎ አድራጎት ገንዘብ የወጣ ይመስላል። ይህም ለግራንቱ ብቻ ሳይሆን ለፈቃዱም አደጋ ነው። በተጨማሪ የእድሩ መዋጮ በ46,000ው ውስጥ ተደምሮ ከሆነ ገቢያችሁም በጀታችሁም የተጋነነ ነው ማለት ነው፤ ሩብ ብለን ያሰላነውም ይቀየራል። ለምሳሌ ከ46,000ው 14,000 የእድር ቢሆን የማኅበሩ እውነተኛ በጀት 32,000 ነው፤ የምትጠይቁትም 12,000 ሳይሆን 8,000 አካባቢ ይሁን።

እድሩን የራሱ ስም፣ የራሱ መተዳደሪያ ደንብ፣ የራሱ ኢአይኤንና የራሱ የባንክ ሂሳብ ያለው አካል አድርጉት። በሕግ ምን ዓይነት አካል ቢሆን እንደሚሻል አንድ ጠበቃ ይይላችሁ። ከማኅበሩ ሂሳብ ወደ እድሩ የሚዛወረውን ገንዘብ ከአባላት መዝገብ ጋር አመሳክሩ፤ የእያንዳንዱ አባል መዋጮ በስሙ ይውጣ፤ ቦርዱ በቃለ ጉባኤ ያጽድቀው፤ የዝውውሩም ቀን ማመልከቻው ከሚላክበት በፊት ይሁን።